የውሻ ዋጋና አንድ ጭብጥ ጨው

ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

በስምንት ዓመቴ ከእናቴ ቤት ወጥቼ እንደ ቆሎ ተማሪ ሁሉ የበግ ለምድ፣ ደበሎ ለበስሁ። አኩፋዳ አንግቼ በየደጁ ለምኜ የተሰጠኝን ቁራሽ በልቼ ተማርሁ። አንዲት ፊደል በሳትሁ ቁጥር የኔታ ገርፈውኛል፤ አላለቀስሁም። የተማርሁበት የአዘና አገር ውሾች ሦስት ጊዜ ነክሰውኛል፤ የአንደኛው ጥርስ እስከ ዛሬ ግራ ባቴ ላይ ታትሞ ይታያል፤ ለማንም አልተናገርሁም። በኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ ጨብጬ፣ በክረምት ጭቃ ከወረዳ ወረዳ ተዛውሬ፣ ደመወዝ ሲዘገይ በቆሎ ጠብሼ አድሬአለሁ። ባለቤቴን ዘውድነሽን ባለፈው ጥቅምት ቀብሬ፣ በሠልስቷ ማግስት ልብሴን በገዛ እጄ አጥቤ ለብሻለሁ። በዚህ ሁሉ አላማረርሁም።

ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ዛሬ የዕድራችን ሰዎች ሲስቁብኝ ጆሮዬ ለምን እንደ ጋለ ለራሴ ማስረዳት ስላለብኝ ነው። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የቤቴን የፊት ክፍል፣ ልብስ ሰፊው ከለቀቀው ወዲህ ባዶውን የቆመውን፣ የቤት እንስሳት መሸጫ ላደርገው ነው ብዬ ተናገርሁ። ውሻ፣ ድመት፣ ጥንቸል፣ እርግብ። «አያ ሽመክት በእርጅና ዘመናቸው የውሻ ነጋዴ ሆኑ» አሉና ተሳሳቁ።

ሐሳቡ የልጅ ልጄ የፀደይ ነው። በእንስሳት ሕክምና ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሥራ የለም። ባሕር ዳር ያለው አባቷ፣ ልጄ ሀብቱ፣ ቢሾፍቱ አንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ ሥራ አግኝቶላታል፤ እስከ መስቀል ይጠብቋታል። ስምምነታችን እንዲህ ነው፤ ቤቱ እስከ መስቀል በእግሩ ከቆመ ትቀራለች፤ ካልቆመ ትሄዳለች። እኔ በበኩሌ ብትሄድም ብትቀርም ግድ የለኝም። የሚያሳዝነኝ የትምህርቷ መባከን ብቻ ነው።

ሐምሌ 9

ሠዓሊው የመሸጫውን ሰሌዳ አመጣ። ውሻ ሣል ያልሁት ሰው ጅብ ሥሎ መጣ፤ ወገቡ ወደ ኋላ ዘቅዝቋል። አንድ የባጃጅ ነጂ ቆም ብሎ፣ ጅቡ ስንት ነው አለኝ። እንዲያርም መልሼ ላክሁት። ፊደሉ ግን ያማረ ነው፤ መስመሩን ያሰመርሁለት እኔ ነኝና።

ሐምሌ 14

ዛሬ ቤቱ ነፍስ ዘራ። አራት ቡችሎች፣ ሦስት የድመት ግልገሎች፣ ስድስት ጥንቸሎችና አምስት ጥንድ እርግቦች ገቡ። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥሁም። ጉልበቴን ሲያመኝ የከረመው ሕመም የት እንደ ገባ አላውቅም።

ፀደይ በሥራ ላይ ከየኔታ አታንስም። አዲስ የመጣ እንስሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ለብቻው ይቀመጣል። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው፣ የትል መድኃኒት ሳይጠጣና ሳይከተብ ከዚህ ቤት አይወጣም። የላም ወተት ሆዳቸውን ስለሚያበላሽ ክልክል ነው። ወለሉ በየቀኑ በበረኪና ይታጠባል፤ በረኪናው ሳይደርቅ ግን እንስሳ አይመለስበትም። የጥንቸሎቹ ሣር እርጥብ ከሆነ ይነፋቸዋልና በዚህ ዝናብ ማድረቂያ ቆጥ አሠራሁ። እነዚህን ሁሉ በቁም ጽሕፈት ጽፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደስ ይላል።

ከቡችሎቹ አንዱ ጥቁር ነው፤ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ የድሮ ደበሎዬን የሚመስል። ፀደይ ስም እናውጣለት አለች። ለሽያጭ ለቀረበ ነገር ስም አይወጣም አልኋት።

ሐምሌ 21

ከፈትን። ሕዝቡ እንደ ሰርግ ቤት ጎረፈ፤ ግማሹ ሊስቅ፣ ግማሹ ሊያይ። ተማሪዎች ከጥንቸሎቹ ፊት አልነቃነቅ አሉ።

ለገዥ ሁሉ ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር። እንስሳን ለማያውቅ ሰው እንስሳ መስጠት መስማት ለተሳነው ከበሮ መምታት ነው ብዬ ስለማምን። የመጀመሪያው የሆቴል ባለቤት ዓለምነው ሆነ፤ የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«ውሻው የት ያድራል?» አልሁት።

«ታስሮ ነዋ፣ መምህር።»

«ዝናብ ሲመጣ?»

«ውሻ ጃንጥላ ይያዝለታል እንዴ?»

ቤት ሠርተህለት ተመለስ ብዬ አሰናበትሁት። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ሰባተኛ ክፍል በሒሳብ ጣሉኝ፤ አሁን ደግሞ በውሻ ሊጥሉኝ ነው» አለና ሰዉን ሁሉ አሳቀው።

እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰው ፈትኜ አንድ አሳለፍሁ። ፀደይ ሱቅ እንጂ የሚኒስትሪ ፈተና አልከፈትንም ብላ አኮረፈች። አንዲት እናት ደግሞ ድመት በገንዘብ መሆኑን ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። በአገራችን ድመት ይሰጣል እንጂ አይሸጥም፤ የወሰደ ሰው ለሰጪው አንድ ጭብጥ ጨው ይዞ ይሄዳል፤ ይኸው ነው። ዘመን ተለውጧል አልኋቸው። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

ሐምሌ 26

ዝናብ። መንገድ ተዘጋ። ኔትወርክ የለም። ክትባቱ ቲሊሊ ላይ ቀረ ተባለ፤ በበረዶ ዕቃ ውስጥ ነው ወይስ አይደለም የሚያውቅ የለም። ፀደይ የሞቀ ክትባት ውኃ ነው ትላለች። ጥቁሩ አልበላም።

ሐምሌ 27

ጥቁሩ በላ።

ነሐሴ 4

ክትባቱ በደኅና ገባ። እስከ ዛሬ ሦስት ቡችሎችና አራት ጥንድ እርግቦች ወጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ የመጀመሪያውን ፍሬ ለቤተ ክርስቲያን ሳልሰጥ በልቼ አላውቅም። ዛሬም ገላዬን ታጥቤ፣ ውሻ ያልነካው ልብሴን ለብሼ፣ አሥራቱን በፖስታ አድርጌ ከቅዳሴ በኋላ ለአስተዳዳሪያችን ለቄስ ወገኔ ሰጠሁ። ለጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን አልሁ።

ቄስ ወገኔ ፖስታውን አልያዘም። ፊቱ ቀላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ ሽመክት፣ ይህን ሕግ ለእኛ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለኝ። በ1993 ዓ.ም. የሰበካው ጸሐፊ ሳለሁ በእጄ የጻፍሁት ቃለ ጉባኤ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ የውሻ ዋጋ ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም ይላል። አጠገባችን ሰዎች ነበሩ። ፖስታውን ይዤ ተመለስሁ።

እንዲህ ያለ ነገር መጻፌን አላስታውስም። በዚያ ዘመን ብዙ ነገር ጽፌአለሁ።

ነሐሴ 9

ወሬው ከተማውን ሞላው። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፣ ገንዘቡ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰበት ሰው እያሉ ሲያወሩ ሰማሁ፤ እኔ መሆኔን ሳያውቁ። ጾሙም ጾም ነው፤ ግን ጾም ብቻ ሰውን ከደጃችን አላራቀውም። ከእሑድ ወዲህ አንድ ገዥ አልገባም።

አስታወስሁት። አስታውሼው የኖርሁ ይመስለኛል።

ከዘንገና አካባቢ ደጊቱ የምትባል ባልዋ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ልጇ ታማ ስትድን ለታቦቱ ጥላ ተሳለች። ላም የላት፣ በሬ የላት፤ የነበራት አንዲት ዝነኛ ውሻ ብቻ ነበረች። ቡችሎቿን ለመንገድ ሥራ ካምፕ ሸጣ የጥላውን ገንዘብ ይዛ መጣች። እኔም በጉባኤው መካከል ተነሥቼ ትእዛዙን በግእዝ ጠቀስሁ፤ በአማርኛ ተረጎምሁ፤ ገንዘቡ ይመለስላት አልሁ። ስሕተት አልነበረበትም። ንባቡ ትክክል ነበር። ደጊቱ የምትናገረው አብዛኛውን ጊዜ በአውንጊ ስለ ነበረ የተናገርሁት ሁሉ የገባት አይመስለኝም፤ ገንዘቡ እጇ ላይ ሲመለስ ግን ገባት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ወጣች።

በዚያ ቀን ዘውድነሽ ራት አቅርባ ከእኔ ጋር አልበላችም። «ያ ሁሉ ሰው ባለበት? ብቻዋን ጠርተህ ብትነግራት ምን ነበረበት?» አለችኝ። ሕግ በጓሮ አይነገርም ብዬ መለስሁላት። እንዲህ ብዬ መመለሴ ያኔ በጣም ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር።

ቄስ ወገኔ በዝቅተኛ ድምፅ ነው የነገረኝ። ከእኔ የተሻለ ነገር ከየት ተማረው?

ነሐሴ 15

አንድ የባንክ ሠራተኛ መጣ፤ ወሬ የማይሰማ እንግዳ ሰው። ጥያቄዎቹን ሁሉ አለፈ። ጥቁሩን ልውሰድ አለ። ተሽጧል አልሁት። ፀደይ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ጥንቸል ይዞ ሄደ።

ነሐሴ 24

ፀደይ ልብሷን ማጠፍ ጀምራለች። መስቀል ገና አንድ ወር አለው ብላት፣ ቢያንስ የማይለበሰውን ለይቼ ላስቀምጥ ነው አለችኝ። የልጅቱ ዘዴኛነት ደስ ይላል። ሰዓቴን ሁለት ጊዜ ሞላሁት።

እራት ላይ አንድ ሐሳብ አመጣች። የቤታችን ችግር የሚሸጥ ውሻ ማጣት ሳይሆን አመኔታ ማጣት ነው፤ በዘንገና ዙሪያ ክትባት ስትዞር ያገኘቻቸው አንዲት እናት አሉ፤ ውሾቻቸው ጅብ የማይፈሩ፣ ልጅ የማይነክሱ፤ ገበሬ ሁሉ ከእሳቸው ካልሆነ ቡችላ አይወስድም። እሳቸው ከእኛ ጋር ቢሠሩ ሰው ይመለሳል ትላለች።

«እማማ ደጊቱ ይባላሉ። አባባ፣ ያውቋቸዋል?»

ስሙን ሰምቼዋለሁ አልሁ። መንገዱ ሩቅና ጭቃ ነው፤ ለክረምት ይከብዳል አልሁ። ያን መንገድ ብዙ ዓመት በእግሬ ሄጄበታለሁ።

ጳጉሜን 3

ሄድሁ።

የዛሬው ዝናብ ጠበል ነው ብለው ልጆች በየመንገዱ ራቁታቸውን ይሮጡ ነበር። በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግር። ለፀደይ አዘና ለቅሶ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። በመንገድ ንግግሬን በልቤ አሰናዳሁ፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ ማጠቃለያ ያለው ንግግር። አጥሯ ዘንድ ስደርስ ግን ንግግሩ እንደማይበቃ ገባኝ። አባቶቻችን የበደሉትን ሰው ድንጋይ ተሸክመው ነው ይቅርታ የሚጠይቁት። ከመንገዱ ዳር አንድ አነሣሁ። ትንሽ መምረጥ እችል ነበር፤ አልመረጥሁም።

በሩን ስገባ አራት ውሾች ወጡ። በሰባ አራት ዓመቴ፣ ድንጋይ በትከሻዬ፣ ያለ በትር፣ እንደ ቆሎ ተማሪ ቆምሁ። ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ ጠዘጠዘኝ። አንዲት አጭር አሮጊት ከጓዳ ወጥታ በአውንጊ አንድ ቃል ብትናገር አራቱም ተኙ። አወቀችኝ። እኔም አወቅኋት።

«መምህር፣ ያወርዱት እንጂ፤ ወገብዎን ይሰብርዎታል» አለችኝ፤ አማርኛዋ ከእኔ አያንስም።

ይቅርታ ካላደረግሽልኝ አላወርድም አልኋት።

«ገንዘቡንማ መለሱልኝ። ስእለቱን ግን ማን ይመልስልኝ? ሃያ አራት ዓመት ያለብኝ ስእለት ነው። ልጄ ድና፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ እኔ ያልሰጠሁትን ጥላ በሕልሜ እይዛለሁ።»

ዝናቡ በትከሻዬ ላይ ይወርድ ነበር።

«በሰው ፊት ነው የመለሱኝ» አለች። «በሰው ፊት ቢቀበሉኝ ይቅር ብያለሁ።»

እሺ አልሁ። ድንጋዩን ራሷ ተቀብላ አወረደችልኝና ዙሪያውን አገላብጣ አየችው። ጉልቻዬ አንዱ ተሰብሮ ነበር፤ ደኅና አድርገው መርጠዋል አለች። ሳቅሁ። ዘውድነሽ ከሞተች እንዲህ መሳቄን አላስታውስም።

ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ አበላችኝ። ስለ ቤታችን ሁሉንም ሰምታለች። ቡችላ ከእናቱ በስንት ሳምንት እንደሚለይ ጠየቀችኝና በስምንት ስላት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ የእናቱን ቁጣ ሳይማር የወጣ ውሻ ልጅ ይነክሳል አለች። ይህ ከፀደይ ትምህርት ጋር አንድ ነው። ቀጥላም እኔ አርባ ዓመት ቀለም ቆጥሬ ያላየሁትን ነገረችኝ። «እንስሳውን ለምን ትሸጣላችሁ? እንደ ድመቱ ስጡ። ክትባቱን፣ መድኃኒቱን፣ መኖውን፣ የልጅቱን ድካም አስከፍሉ። ሰው ለሐኪም መክፈል ነውር አይለውም።»

ሙሉውን መንገድ በእግሬ ተመለስሁ። ጭቃው ጫማዬን አስቀረው፤ አልተመለስሁለትም።

መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደጊቱ ድንቿን ሸጣ ጥላውን ገዛች። ልግዛልሽ ብዬ ነበር፤ የእርስዎ ስእለት አይደለም አለችኝ። የጠየቀችኝ መሸከሙን ብቻ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቄስ ወገኔ ፈቃድ ሰጠኝ። ጥላው ቀይ ሐር፣ ጫፉ ወርቀ ዘቦ ነው፤ ዘርግቼ ደጊቱን ከሥሩ አድርጌ ከደጀ ሰላም እስከ ቤተ መቅደሱ በር ወሰድኋት። ከዚያም ዞሬ በ1993 ዓ.ም. በዚህ ቦታ ምን እንዳልሁና ምን እንዳደረግሁ ተናገርሁ። ግእዝ አልጨመርሁበትም። «ትእዛዙን አልሽርም፤ በሰው ፊት ሴት ማሳፈሬ ግን ከትእዛዙ ውጭ የራሴ ኃጢአት ነው» አልሁ።

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከዚያ ሁሉም። እልል ያሉት ስለ ድመት ሽያጭ ያኮረፉኝ እናት እንደ ነበሩ ኋላ አወቅሁ። ቄስ ወገኔ መዝገቡን አመጣልኝና ከድሮ ጽሕፈቴ ሥር የዛሬውን በእጄ አስጻፈኝ። እጄ እንደ ወጣትነቴ ቀጥ ያለ መስመር ጻፈ።

ደጊቱ ስትወጣ በጆሮዬ፣ ጥላ አያያዝዎ ግን ተማሪ ያስመስልዎታል አለችኝ።

መስከረም 9

ሰሌዳው ታርሟል። መሸጫ የሚለው ተፍቆ «የቤት እንስሳት ማሳደጊያና መስጫ» ተብሏል። ሠዓሊው ውሻውንም አስተካከለው፤ አሁን ጅብ ሳይሆን በግ ይመስላል። ተውሁት።

መስከረም 14

ከጠዋት እስከ ማታ ሰው። ደጊቱ ስድስት ቡችሎች ከእናታቸው ጋር በጋሪ አመጣች። አያያዙን ሳያሳዩ የሚወስዱ የሉም፤ ፈተናውን አሁን ደጊቱ ናት የምትፈትነው፤ ከእኔ ትብሳለች። ዓለምነው መጣ። በስልኩ የሠራውን የውሻ ቤት አሳየን፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከፍ ያለ ወለል። አለፈ። ቡችላውን ታቅፎ ሲወጣ ለሰዉ ሁሉ፣ በስተርጅና ክፍል አለፍሁ እያለ ነበር። ማታውኑ አንድ ጭብጥ ጨው በወረቀት ጠቅልሎ ላከ።

ፀደይ ከአንዱ እንግዳ ወደ አንዱ ስትሮጥ አየኋት። የታጠፈው ልብስ ተመልሶ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ስለ ቢሾፍቱ አልጠየቅኋትም፤ እርሷም አላነሣችም። ዓይኔን ጭስ አቃጠለኝ።

መስከረም 18

ትናንት መስቀል ነበር። ፀደይ ለአባቷ ደወለች፤ አልሄድም አለችው። በሩ ላይ ቆሜ ስለ ነበር ሰማሁ።

ዛሬ ልቤ ሞልቶ፣ አእምሮዬም ሳይሳት የሚከተለውን ጽፌአለሁ። ቤቱን፣ ሰሌዳውን፣ እንስሳቱንና ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሥርዓት ለልጅ ልጄ ለፀደይ ሀብቱ አስረክባለሁ፤ ከመጨረሻው ደንብ ሥር አንድ ጨምሬበታለሁ፦ የምትመልሺውን ሰው ብቻውን ጠርተሽ መልሺ። የቀድሞ በትሬን፣ ውሻ የምከላከልበትን፣ ለማንም አላወርስም፤ ደመራው ላይ ጥዬዋለሁ።

ጥቁሩ ቡችላ ስም አለው። ደበሎ ይባላል፤ ከመጣ ቀን ጀምሮ ይባል ነበር። እኔ በሕይወት እስካለሁ ከእግሬ ሥር ይተኛል። ከእኔ በኋላ ለዘንገናዋ ለወይዘሮ ደጊቱ በስጦታ ይሰጥ፤ ያለ ዋጋ። ጨዉን ግን እኔ ሳለሁ፣ ራሷ ይዛው ብትመጣ ደስ ይለኛል።